ዘጠናው የት ገባ?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ጥገና ቤት የገባው ፕሪአምፕ፣ ማለትም ከዋናው ማጉያ በፊት ድምፁን የሚያጎላው ሳጥን፣ በእጅ የተሠራ ነበር። ቲኤል072 አይሲ፣ ፕላስና ማይነስ 15 ቮልት፣ ጌይኑ (ድምፁን የሚያባዛበት) 20፣ መውጫው ላይ ባለ 100 ኪሎ ኦም ቮሊዩም። ባለቤቱ ለሠርግ ድምፅ ማጉያ ያከራያል። ቮሊዩሙን ሙሉ ሲከፍተው ድምፁ ጥርት ይላል፣ መሃል ላይ ሲያደርገው ይታፈናል። ዲቪዲ ከሰካበት ደግሞ ቢቀንሰውም ባይቀንሰውም ይሰነጣጠቃል። ሳጥኑን የሠራለት ሰው «ስፒከርህ ተቀዷል» ብሎ ስፒከር አስቀይሮታል። የተቀደደ ስፒከር ድምፅ ሲቀንሱለት እንደሚሻለው ካውያ የያዘ ሁሉ ያውቃል፤ ብቻ ስፒከሩንም የሸጠለት ያው ሰው ነው።

መታፈኑ ከገመዱ ነው። ባለ 100 ኪሎ ኦም ቮሊዩም መሃሉ ላይ ሲደርስ ወደ 25 ኪሎ ኦም መውጫ ይሆናል። ከዚያ እስከ ፓወር አምፑ፣ ስፒከሩን እስከሚነዳው ማጉያ፣ 10 ሜትር ሺልድ ገመድ ተዘርግቷል፤ ገመዱ ራሱ እንደ ካፓሲተር ነው፣ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ቢታሰብ 1000 ይሆናል። ይኼኔ ከ6 ኪሎ ኸርዝ ገደማ በላይ ያለው ቀጭን ድምፅ ገመዱ ውስጥ ይቀራል። መሰነጣጠቁ ደግሞ የዲቪዲው 2 ቮልት በ20 ሲባዛ 40 ስለሚሆን ነው፤ አይሲው ከ13 ብዙም አያልፍም። አይሲው ቆርጦ ያወጣውን ድምፅ ከኋላው ያለ ቮሊዩም ቢቀንሰው የተቆረጠው አይቀጠልም።

የጥገና ቤቱ ልጅ ቮሊዩሙን ነቅሎ መግቢያው ላይ በየደው። ሁለቱም ችግር ጠፋ። ቮሊዩሙ ተዘግቶ ግን ከሆርኑ፣ ቀጭኑን ድምፅ ከሚያወጣው ስፒከር፣ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አልጠፋ አለ፤ አይሲው የራሱን ኖይዝ በ20 እያባዛ ይለቃል፣ ከፊቱ ያለ ቁልፍ ደግሞ እሱን አይነካውም። ደንበኛው «በሠርግ ማን ይሰማዋል! መንዙማ ላይ ግን ሰዉ ጸጥ ሲል ያዋርደኛል» አለ።

ዋናው ባለሙያ መነጽራቸውን አውርደው «ይሄ 20 ለማን ነው?» ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጠ የለም። ለእያንዳንዱ ቻናል ሁለት ደረጃ አደረጉለት። መጀመሪያ ጌይን 2፤ ቀጥሎ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ዲሲ ወደ ቮሊዩሙ አልፎ ሲዞር እንዳያንኮሻኩሽ፤ ከዚያ ኤ10ኬ የሚል ቮሊዩም፣ 10 ኪሎ ኦም ሆኖ ሲዞር ድምፁን ቀስ በቀስ የሚጨምር፤ ከሱ በኋላ ሌላ ጌይን 2፣ መውጫው ላይ ባለ 100 ኦም ሬዚስተር። ዙሩን እኩል በእኩል በሚከፍለው ቢ10ኬ ቢሆን ቁልፉ ገና ሲነካ ጮኾ ቀሪው ዙር ባዶ ይሆናል። የቮሊዩሙን ቆርቆሮ ከግራውንድ ጋር አገናኙት፤ አለዚያ እጅ ሲነካው ያጉረመርማል። ከቮሊዩሙ በኋላ ያለው ኖይዝ ከ20 ይልቅ በ2 ብቻ ስለሚባዛ ሆርኑ ዝም አለ።

ሒሳብ ላይ ተጀመረ።

«ጋሼ፣ ከኋላ የነበረውን ቁልፍ መሃል አደረጋችሁት፤ ይሄ ነው ሥራው?»

«ይሄ ነው።»

«ደግሞ የእኔ 100 ይል ነበር፣ ይሄ 10 ይላል። ዘጠና ጎድሎብኝ ሒሳቡን እኔው ልክፈል?»

«አብሽር፣» አሉና አሮጌውን ባለ 100 በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡት። «ይኸው መቶህ። ስፒከር ለቀየረልህ ውሰድለት፣ እሱ ይመነዝርልሃል።»

ጋዜጣውን ገልጦ አየ፣ መልሶ ጠቀለለ፣ ኪሱ ከተተና ከፈለ።

ሰውየው ከወጣ በኋላ ልጁ አላስችል አለው። «ጋሼ፣ ጌይኑ 4 ከሆነ እኮ ቮሊዩሙ መግቢያው ላይም ቢሆን ኖይዙ በአምስት እጅ ይቀንስ ነበር። ሁለተኛ አይሲ ባልፈለገ!»

ትክክል ነው፤ ለሠርግማ ከበቂ በላይ ነበር።

«ካውያውን ንቀል፣» አሉት ዋናው ባለሙያ፣ «መብራት ይቆጥራል።»