መጥፎ ዜና ቶሎ የሚደርስበት ቢሮ

ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የጥራዝ ክፍሉን እንድመራ ተነግሮኛል። ደስ ብሎኛል፤ ፍርሃትም አለኝ። እናም ከአለቃችን ያየሁትን ሳይጠፋኝ እዚህ ላስፍረው።

የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ማተሚያ ቤት ነው። ወረቀቱም፣ ቀለሙም፣ የማተሚያ ፕሌቱም በዶላር ነው የሚገባው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ እኛ በአሮጌ ዋጋ የተዋዋልናቸው ሥራዎች ነበሩብን። በየጥጋቱ ሹክሹክታ ሆነ። ማን ይቀነሳል? ደሞዝስ ይገባል ወይ?

አለቃችን ሁላችንንም ሰበሰቡን፤ ጽዳቶችና ጥበቃዎች ሳይቀሩ። መጋዘን ውስጥ ስንት ሪም ወረቀት እንዳለ ነገሩን። የትኞቹ ሥራዎች እንደሚያከስሩን አንድ በአንድ ጠሩ። ደሞዛችን እስከ መቼ እንደማያሰጋም ተናገሩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን «አላውቅም» አሉ። አለቃ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሰዉ ግን ተረጋጋ። ቁጥሩን ማወቅ ቢያስደነግጥም አለማወቁ ይብሳል።

ከዚያ «እናንተስ ምን ታያላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ዝም ብለውም ጠበቁ። መጀመሪያ የተናገረው ወረቀት ቆራጩ ነበር። የአንዳንድ መጽሐፍ መጠን በትንሹ ቢስተካከል ከእያንዳንዱ ሉህ የሚጣለው ቁራጭ እንደሚቀንስ አስረዳ። ለዓመታት የሚያውቀው ነገር ነው፤ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም።

ኤሚ ኤድመንድሰን የተባሉት የሃርቫርድ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን አጥንተው ነበር። ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች ስህተት በዝቶባቸው አገኟቸው። ነገሩ ግራ ያጋባል። በኋላ የደረሱበት ምክንያት ግን እነዚህ ሰዎች ስህተት ሲያዩ ሳይፈሩ መናገራቸው ነው፤ ሌሎቹ ይደብቁ ነበር። እኛ ደግሞ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን ነው ያደግነው። ማተሚያ ቤት ውስጥ ግን የገጽ ቅደም ተከተል መዛባቱን ያየ ሰው ዝም ካለ፣ መጽሐፉ በሙሉ ተጠርዞ ካለቀ በኋላ ይጣላል። አለቃችን ስህተት ይዞ የመጣን ሰው በቅድሚያ «እግዜር ይስጥልኝ» ይሉታል። ቁጣ ካላቸው ቆይተው ነው፣ እሱም በር ተዘግቶ።

ሥራ በአንድ ሰው እጅ ብቻ እንዳይቀርም ያደርጋሉ። የማሽን ኦፕሬተራችን እናቱ ያረፉ ጊዜ የዚህን ጥቅም አየሁት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለቅርብ ዘመድ ሞት የሚሰጠው 3 የሥራ ቀን ነው። ለቅሶው አገር ቤት ሲሆን ግን መንገዱ ብቻ ይጨርሰዋል። አለቃችን ቀን ጨመሩለት። መጨመር የቻሉት ረዳቱ አስቀድሞ ማሽኑን ስለለመደ ነው። እድርም እኮ ሰው ከመሞቱ በፊት ነው መዋጮ የሚሰበስበው።

ብዙ ቦታ ጠንካራ ቡድን ሲባል ሳያጉረመርም የሚችል ቡድን ይመስላቸዋል። ቅዳሜም ና፣ እሑድም ና፣ «ቤተሰብ ነን» ይባላል። ይህ ያናድደኛል። እንዲህ ሲችል የኖረ ሰው አንድ ቀን ማንንም ሳያማክር መልቀቂያ ያስገባል፤ የሚያውቀውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

ጥራዝ ክፍል ውስጥ የስፌት ማሽኑን አብጠርጥረው የሚያውቁት አንዲት እናት ብቻ ናቸው። ጡረታቸው ደርሷል። መጀመሪያ የማደርገው እሳቸው ጋ ሄዶ ማንን ማስተማር እንደሚፈልጉ መጠየቅ ነው። ምርጫው የራሳቸው ይሁን። ስለ አዲሱ ሙጫም እጠይቃቸዋለሁ፤ ሰሞኑን ሲያማርሩበት ሰምቻለሁ።