«ኔትዎርክ»ን ያየሁበት መንገድ

ሲድኒ ሉሜት እ.ኤ.አ. በ1976 የሠራውን «ኔትዎርክ» የተሰኘ ፊልም ብዙ ሰው የሚያውቀው በአንድ ትዕይንት ነው። ሃዋርድ ቢል የተባለ ዜና አንባቢ በዝናብ በስብሶ፣ ፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ ካሜራ ፊት ይመጣል። ሕዝቡ መስኮት ከፍቶ መናደዱን፣ ከእንግዲህም እንደማይታገሥ እንዲጮህ ይለምናል። እኔም ፊልሙን በዚያች ቁራጭ ቪዲዮ ነበር የማውቀው። ሙሉውን ለማየት ስቀመጥ ግን አንድ ነገር ወሰንኩ። ከሚናገረው ሰው ይልቅ በዙሪያው ያሉትን ልከታተል አልኩ።

ገና ከጅምሩ ሃዋርድ ተመልካች ስለቀነሰበት ሊባረር ነው። በቀጥታ ስርጭት ላይ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እዚሁ ፕሮግራም ላይ ራሴን አጠፋለሁ ይላል። እዚህ ጋ የመቆጣጠሪያ ክፍሉን ተመልከቱ። ሰዎቹ ሰዓት ይቆጥራሉ፣ ማስታወቂያ ያዘጋጃሉ፣ የራሳቸውን ወሬ ያወራሉ። ያለውን የሚነቁበት ቆይተው ነው። መልሼ መልሼ አየሁት። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሥራቸውን በደንብ ይሠራሉ። ጆሯቸው ግን ሰከንድ መቁጠር ለምዷል።

ታዋቂው ጩኸት ሲመጣ ዓይኔን ዳያና ላይ ተከልኩ። ፌይ ደናዌይ የምትጫወታት የፕሮግራም ኃላፊ ናት። አገሩ ሲጮህ እሷ የትኞቹ ከተሞች በቀጥታ እያዩት እንደሆነ ትጠይቃለች። ትፈነድቃለች። ሃዋርድ እኮ ሐኪም የሚያስፈልገው ሰው ነው! ወዳጁ ማክስ ይህን ይናገራል። እሱም ይባረራል።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ድምፁን አጥፍቼ ብርሃኑን ብቻ ተከታተልኩ። ፊልም የሚወድ ሁሉ ይሞክረው። ሉሜትና የካሜራ ባለሙያው ኦወን ሮይዝማን ሲጀምሩ ብርሃኑ የተፈጥሮ ይመስላል። ቀስ በቀስ እየተሽሞነሞነ ይሄዳል። ወደ መጨረሻው ቢሮው ሁሉ ማስታወቂያ ይመስላል። ማጀቢያ ሙዚቃ ደግሞ የለውም። መቼ ማዘን እንዳለብህ የሚጠቁምህ የለም። ጸሐፊው ፓዲ ቻዬፍስኪም ሉሜትም ከቴሌቪዥን የወጡ ናቸው፤ ንዴታቸው የቤት ልጅ ንዴት ነው።

እኔን የነካኝ ግን የማክስ ሚስት ናት። ቢያትሪስ ስትሬት የምትታየው አምስት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ኦስካር ወስዳበታለች። ባሏ ሌላ ሴት እንደወደደ ሲነግራት ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ትጠይቀዋለች። ካሜራ የለም፣ የተመልካች ቁጥር የሚመዘግብ የለም። በፊልሙ ውስጥ ማንም ያልሸጠውን ንዴት ያገኘሁት እዚያ ሳሎን ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የሃዋርድን ጩኸት ስሰማ መጀመሪያ የማስበው ስለ ዳያና ጥያቄ ነው።

ልታዩት ካሰባችሁ ሰብታይትል ክፈቱ፤ የቻዬፍስኪ ንግግሮች ረጃጅምና ፈጣን ናቸው። በተለይ የኩባንያው አለቃ ጄንሰን በረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ቆሞ፣ አገር የሚባል ነገር የለም፣ ያለው ገንዘብ ነው ብሎ ሲሰብክ እያቆማችሁ ስሙት። የሃዋርድ ዕጣ የሚወሰነው በዚያ ስብከት ነው።