ለጉበት ሴል በር ስገጥም ያለፈው ዓመት

ጀርመን ለፒኤችዲ ስመጣ አማካሪዬ የሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ በወረቀት ላይ የሦስት ወር ነበር። ሄፕ ጂ2 የሚባሉ የጉበት ሴሎች ውስጥ አንድ ጂን አስገባ፣ መሥራቱን አረጋግጥ፣ ጥሩዋን ክሎን (ከአንድ ሴል ብቻ የተባዛች ዘር) ለይተህ አስቀምጥ። በቃ። ዓመት ፈጀብኝ፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው የራሴ ጥፋት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሁሉ «የወፍ በሽታ ይዞት ነው» ተብሎ ይታለፋል እንጂ፣ ስንቱ ሳያውቀው ይዞት ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው 254 ሚሊዮን ነበር። ቫይረሱ ከታወቀ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ግን በየትኛው በር ወደ ጉበት ሴል እንደሚገባ ለአሥርት ዓመታት አልተገኘም። በ2012 ቤጂንግ ያለው የዌንሁዪ ሊ ቡድን አገኘው፤ ስሙ ኤንቲሲፒ ነው። መደበኛ ሥራው የሐሞት ጨውን ከደም ወደ ጉበት ሴል ማስገባት ነው። ቫይረሱ ለሐሞት በተከፈተ በር ሰተት ብሎ ይገባል።

ሄፕ ጂ2 በ1970ዎቹ ከአንድ የ15 ዓመት አርጀንቲናዊ ልጅ የጉበት ዕጢ የተወሰዱ ሴሎች ናቸው። ጉበት ናቸው፣ ግን ይህ በር የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ቫይረሱን ብታፈሱባቸው ዞር ብለው አያዩትም። በሩን ብትገጥሙላቸው ይያዛሉ። «ታዲያ ለምን የሚቀለውን የኩላሊት ሴል አንጠቀምም?» ብዬ ነበር፣ ኤችኢኬ የሚባለውን። እሱ ላይ በር ቢገጠም ቫይረሱ ይለጠፍበታል፤ ውስጥ ገብቶ ለመሥራት የሚያስፈልጉት የጉበት ፕሮቲኖች ግን የሉም። በር ያለው ባዶ ቤት ማለት ነው።

የዚህን በር ጂን በሌንቲቫይረስ (ጂን እንዲሸከም በተስተካከለ ቫይረስ) አስገባሁ። ይህ ክፍል ቀላል ነው፣ አልዘገይበትም። ጂኑን ያልወሰዱት ሴሎች እንዲሞቱ ፑሮማይሲን የሚባል ሴል ገዳይ መድኃኒት ይጨመራል፤ የወሰዱት መከላከያው አብሯቸው ስለገባ ይተርፋሉ። እኔ መጠኑን ከጓደኛዬ ደብተር ላይ ገለበጥኩ። እሱ ሲሠራ የነበረው በሌላ ሴል ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሚያምሩ ሴሎችን ሳሳድግ ቆይቼ፣ ጎን ለጎን ያላስቀመጥኩትን የማነጻጸሪያ ፕሌት (የሴል ማሳደጊያ ሳህን) ዘግይቼ ሳስቀምጥ፣ ምንም ጂን ያልገባባቸውም በዚያ መጠን ደህና ሆነው ይኖራሉ! ለካ ስመርጥ አልነበረም፣ ስቀልብ ነው የከረምኩት። በራሳችሁ ሴል፣ በራሳችሁ ሴረም (ሴሎቹ በሚመገቡት የደም ፈሳሽ)፣ ከዝቅተኛ መጠን ጀምራችሁ ጂን ያልገባባቸው በስንት ቀን እንደሚሞቱ ሳታዩ መድኃኒት አትጨምሩ። አምስት ቀን ቢፈጅ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ማይኮፕላዝማ የሚባል ሴሎችን የሚበክል ጥቃቅን ባክቴሪያ ነው፣ ይኼኛው እስካሁን ያንገበግበኛል። በማይክሮስኮፕ አይታይም፣ ሚዲያውን (ሴሎቹ የሚያድጉበትን ፈሳሽ) አያደፈርስም። ሴሎቹ ትንሽ ሰነፍ ሆኑብኝ፣ እኔም «አዲስ ፕሮቲን ስለተሸከሙ ይሆናል» ብዬ አሳማኝ ምክንያት ፈጠርኩላቸው። ላቡ ውስጥ ከሁላችን በላይ የቆየችው ቴክኒሻን አንድ ቀን ፍላስኩን ብርሃን ላይ አንስታ አየችና «መጨረሻ የተመረመሩት መቼ ነው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። በማግስቱ ፒሲአሩ (የዘረመል ምርመራው) የማይኮፕላዝማውን ባንድ፣ መኖሩን የሚያሳየውን መስመር፣ ቁልጭ አድርጎ አወጣው። ሁሉም ወደ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ወደሚያመክነው ማሽን)፣ እኔም ወደ ሀ ሁ። ፍላስኩ ከሌላ ሰው የመጣ ስለነበር ሰውዬውን ለመውቀስ ዳድቶኝ ነበር፣ ግን ሲገባ ያልመረመርኩት እኔ ነኝ።

በሁለተኛው ዙር ክሎን መለየት መጣ። ሄፕ ጂ2 ብቻውን መሆን አይወድም። ተለጣጥፎ እንደ ደሴት ነው የሚያድገው። በ96 ጉድጓድ ፕሌት ላይ አንድ አንድ ሴል አደርጋለሁ ስትሉ ወይ ይሞታል፣ ወይ «አንድ» ያላችሁት የተጣበቁ ሁለት ይሆናሉ። ኮላጅን የተቀባ ፕሌት ብዙ አገዘኝ። ከሁሉ በላይ ያገዘኝ ግን በዘራሁ ማግስት ጠዋት እያንዳንዱን ጉድጓድ አይቼ በወረቀት ላይ ምልክት ማድረጌ ነው። ከሳምንት በኋላ ሁሉም ክምር ስለሚሆን ከአንድ ይነሳ ከሁለት ማወቅ አይቻልም።

ዓይኔን የገለጠልኝ ምርጫው ነው። የፕሮቲን መጠን በሚያሳየው ዌስተርን ብሎት 4 ቁጥር ክሎን ጥቁር ባንድ ነበራት፣ 11 ቁጥር ደግሞ መካከለኛ። (ባንዱ ጭቃ የመሰለ ቢሆንባችሁ አትደንግጡ፣ ፕሮቲኑ ስኳር ስለተለጠፈበት ነው፤ በኤንዛይም ስኳሩን ስታነሱለት ይሰበሰባል።) እኔ በ4 ቁጥር ፍቅር ያዘኝ። አማካሪዬ ግን «በሩ ቤት ውስጥ ተጋድሞ ይሁን ግድግዳው ላይ ተገጥሞ በምን አወቅህ?» አለኝ። ቫይረሱ በሩን የሚጨብጥበትን ቁራጭ ፔፕታይድ (አጭር ፕሮቲን)፣ የሚያበራ ቀለም ተለጥፎበት፣ በሁለቱም ላይ ጨመርኩ። 11 ቁጥር የእያንዳንዱ ሴል ጠርዝ ዙሪያውን በቀጭን አረንጓዴ መስመር ተሠመረ፣ ልክ እንደ ጥልፍ። 4 ቁጥር ግን ብዙው ፕሮቲኗ ውስጥ ተከማችቶ የቀረ ይመስላል፣ ጠርዟ ላይ እዚህም እዚያም ነጥብ ብቻ።

ከዚያው ቁራጭ የተሠራው ቡሌቨርታይድ፣ በ2020 አውሮፓ ውስጥ በዚያው በር ለሚገባው ሄፓታይተስ ዲ የተፈቀደው መድኃኒት፣ የሚሠራው በሩን ቀድሞ በመያዝ ነው። እሱን አስቀድሜ ስጨምር የ11 ቁጥር አረንጓዴ ጠፋ። ያኔ ነው ያመንኩት።

በቫይረሱ ራሱ የተሞከረው ለዚያ በተዘጋጀው ላብ፣ በተከተቡ ባልደረቦች ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ባዶ ወጣ፤ ሚዲያው ውስጥ ቫይረሱ እንዲይዝ የሚያግዘው ፔግ የሚባል ኬሚካል አልተጨመረም ነበርና። ይህ ሴል በሩ እያለውም ያለ እሱ እምብዛም አይያዝም። በሁለተኛው ተያዘ፣ ቡሌቨርታይዱ ሲጨመር ግን መያዙ ቀረ።

11 ቁጥርን ገና ወጣት ሳለች 30 ቱቦ አድርጌ ናይትሮጅን ውስጥ ከተትኳት። 4 ቁጥርም አንድ ቱቦ አለቻት፣ መጣል አላስቻለኝም።