ነጋዴውን እናስወጣ ብዬ ነበር

በገበሬና በሩቅ ገዢ መሃል ያለውን ነጋዴ ዘለን እናገናኛቸዋለን የምትሉ ካላችሁ፣ ይህ ለእናንተ ነው። እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም። ወይም አስጠንቅቀውኝ አልሰማሁም፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በ2022 መገባደጃ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ለትምህርት ህንድ፣ ቪሻካፓትናም ነበርኩ። በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት ያለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። ሐበሻ ተማሪ ስለማይጠፋባት እሁድ እሁድ ከአንዱ ፎቅ የሽሮ ሽታ ይመጣል። ከከተማዋ ወደ ተራራው 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወጣ አራኩ ሸለቆ አለ። ባቡሩ ከዋሻ ዋሻ እየተሽሎከለከ ያወጣችኋል። መጀመሪያ የወረድኩ ቀን ጅማ የደረስኩ ነው የመሰለኝ። ቀይ አፈር፣ የጥላ ዛፍ፣ ከሥሩ ቡና። ዛፉ ራሱ የኛው ግራቪሊያ ነው። እነሱ ግን ግንዱን ባዶውን አይተዉትም፤ ቁንዶ በርበሬ እንደ ሐረግ ያወጡበታል። አባቴ ይህን ባየ ብዬ ስንቴ እንደተመኘሁ።

ገበሬዎቹ አዲቫሲ የሚባሉ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው። መሬታቸው አንድ ሁለት ኤከር (ሄክታር የማይሞላ) ቢሆን ነው። ብዙዎቹ የያዙት ወረቀት በ2006 የወጣው የደን መብት ሕግ የሰጣቸው ነው። የአራኩ ቡና በ2019 በቦታው ስም የመጠራት ሕጋዊ ጥበቃ አግኝቷል። ስሙ ትልቅ ነው። ስሙ ወደ ገበሬው ኪስ እንዴት ይገባል የሚለው ነው ችግሩ።

እኔ የሄድኩት ለመመረቂያ ጽሑፌ መጠይቅ ላስሞላ ነበር። «ቡናዎን ለማን ይሸጣሉ?» የሚል ጥያቄ አለው። 34 ቤት ጠይቄ 34ቱም አንድ ሰው ጠሩልኝ። ሞተር ሳይክል ያለው፣ የሸሚዝ ኪሱ ሁልጊዜ ያበጠ ነጋዴ። ደሜ ፈላ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ለአንድ ሰብሳቢ ሲሸጥ ያየሁ ልጅ ነኝ። መጠይቁን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና፣ ነጋዴውን እናስወጣ አልኩ።

በተማሪ ቪዛ መነገድ አይቻልም። ስለዚህ የትም ቦታ ፊርማዬ የለም፤ ገንዘብም አልነካሁም። የፈረሙት የሴቶች ቁጠባ ማኅበሩ ሊቀመንበር ናቸው። መንደሩ ሁሉ «አካ» ይላቸዋል፤ በአገሩ ቋንቋ፣ በቴሉጉ፣ እትዬ እንደማለት ነው። እኔን «ታሙዱ» ይሉኛል፣ ታናሽ ወንድም።

ቀላሉ ነገር ቀላል ነበር። ቀይ ቀዩን ብቻ እንልቀም ተባለ፤ ተለቀመ። በእጅ በሚዞር መፈልፈያ ተፈለፈለ፣ አንድ ሌሊት ተብላልቶ ታጠበ። መሬት ላይ ሸራ ዘርግተው ያሰጡት የነበረውን፣ ከቀርከሃና ከመረብ አልጋ ሠርተን እዚያ ላይ አሰጣነው። አልጋው የኔ ሐሳብ ነው፣ ከጅማ የመጣ፤ እስከዛሬ እኮራበታለሁ። እርጥበቱ 11 በመቶ ሲደርስ ወደ ኬሻ ገባ። ቤንጋሉሩ (ባንጋሎር) ከተማ ቡና ለሚቆላ አንድ ድርጅት ናሙና ላክን፤ ወደዱት። ነጋዴው ከሚከፍለው በኪሎ 60 ሩፒ ጨምረው ሁለት ቶን ሊወስዱ ተስማሙ። ያን ቀን ማታ ዶሮ ታረደ።

ውሉ ላይ አንዲት መስመር ነበረች። ክፍያ፣ ቡናው ደርሶ ከተቀመሰ በኋላ በ45 ቀን፣ በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ። በተሰባበረ ቴሉጉዬ ለአካ የተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ። «45 ቀን?» አሉኝ። «ምን አላት፣ ቶሎ ታልፋለች» አልኳቸው። ዝም አሉ። ማስጠንቀቂያው ያ ዝምታ ነበር።

መጀመሪያ ባንኩ። የቁጠባ ማኅበሩ ሒሳብ የ12 ሴቶች ነው፤ ለ34 ቤት ቡና አይሆንም ተባለ። አዲስ ይከፈት። ባንኩ ያለው ታች ከተማ ነው፣ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት። ሦስቱን ፈራሚ ሴቶች ይዘን ወረድን። ጊዜው የኅዳር መጨረሻ ነው፣ ቡናው በቀላበት ሰሞን። በዚያ ሰሞን ሦስት ለቃሚ አንድ ቀን ባንክ ቤት መዋሉ ምን ማለት እንደሆነ የቡና ቤተሰብ ያውቀዋል።

ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሰውዬ ቀና አላለም። ወረቀቱን ገለበጠ፣ ገለበጠ። «ስሙ አይገጥምም።» እዚያ አገር የቤተሰብ ስም ከፊት ነው የሚመጣው። አንዱ ጸሐፊ ሙሉውን ይጽፈዋል፣ ሌላው በአንድ ፊደል ያሳጥረዋል። የአንዷ ፈራሚ መታወቂያ ላይ «ኬ» ተብሎ ነጥብ፣ ከዚያ ስማቸው። የመሬት ወረቀታቸው ላይ ደግሞ ሙሉው «ኮራ»። ሴትዮዋ አንድ ናቸው፤ መስኮቱ ፊት ቆመዋል። ለሰውየው ግን ሁለት ሰው ናቸው። «አስተካክላችሁ ማክሰኞ ኑ።»

በስም ጉዳይ እኔም ቆስያለሁ። ህንድ ስገባ የቤተሰብ ስም ጻፍ ሲሉኝ የአያቴን ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ግቢው ሁሉ የሚጠራኝ በአያቴ ስም ነው። አያቴ እኮ ከጎማ ወረዳ ወጥተው አያውቁም።

ማክሰኞ ሄድን። «ቃለ ጉባኤው የታለ?» ቃለ ጉባኤ ይዘን ሄድን። «ማህተም የለውም።» ማህተም አስቀርጸን ሄድን። «ሰርቨር የለም።» እዚህ ላይ ሳቄ መጣ። «ሲስተም የለም» የኛ አገር ፈጠራ ይመስለኝ ነበር። አምስተኛው ጊዜ መስኮቱ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጧል፤ ሰውየው ፈቃድ ወጥቷል። ልጁ በ40 ደቂቃ ከፈተልን። አርባ ደቂቃ! ሥራው ይህችው ነበረች። ደብተሩ ላይ ግን የማኅበሩን ስም አንድ ፊደል አሳሳተው። «ይስተካከላል፣ ማክሰኞ ኑ» አለ። ትተነው ሄድን።

ገዢው ደግሞ ሒሳብ ሳይከፈት መኪና አልልክም ብሎ ነበር። በዚህ መሃል ጥር ገባ። ከኛ ጥምቀት ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ሳንክራንቲ አለ፣ የአንድራ የመኸር በዓል። ልጅ አዲስ ልብስ ይፈልጋል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ቤት ይቀባል። በገና ዋዜማ ባዶ ኪስ አስቡት። ቡናው በየቤቱ በኬሻ ተደርድሯል፤ ሳንቲም የለም። ነጋዴው በሞተሩ መጣ።

መኪናው ሲደርስ ኬሻ ለመሰብሰብ ወጣን። የመጀመሪያው ቤት ባዶ። ሦስተኛውም ባዶ። ከ34ቱ 11ዱ ማታ ማታ ሸጠውለታል። ስብሰባ ጠራሁ። ልብ በሉ፣ የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ማን ሆኜ? ቴሉጉዬ ባያምርም «ከዳችሁን» የሚለውን ቃል አውቀው ነበር። ተናገርኩት። ያቺን ቃል ብመልሳት ደስ ይለኛል።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ምራቴን ምጥ የያዛት ሌሊት ፓዴሩ ሆስፒታል ያደረሳት የማን ጂፕ ነው?» አሉ። ማንም አልመለሰም። «ክረምት ሩዝ ሲያልቅብኝ በዱቤ የሚሰጠኝ ማን ነው? ያንተ ቤንጋሉሩ በዚያ ሰዓት ስልክ ያነሣል?»

ቆሜ ቀረሁ። አባቴ ትዝ አለኝ። ያ ስረግመው የኖርኩት ሰብሳቢ፣ እህቴ የታመመች ጊዜ በእኩለ ሌሊት በራችንን አንኳኩቶ ብር የሰጠን ሰው ነው። ረስቼው አይደለም። መጠይቁ ላይ ቦታ አልነበረውም።

ሁለት ቶን ተባብለን 1,300 ኪሎ ጫንን። ገዢው ጎደለ ብሎ ጭማሪውን ከ60 ወደ 45 ሩፒ አወረደ። 45 ቀን የተባለው ክፍያ በ71ኛው ቀን ገባ። የኬሻውንና የመጫኛውን ወጪ አካ ከቁጠባው በወለድ ተበድረው ሸፍነው ኖሯል፤ የሰማሁት በኋላ ነው። ሁሉ ተቀናንሶ ለ23ቱ ቤት በኪሎ 22 ሩፒ ተረፈ። አንዱ ቤት በአማካይ 56 ኪሎ ነው ያስገባው። 1,232 ሩፒ መሆኑ ነው። ሦስቱ ፈራሚዎች ባንክ ቤት ባይመላለሱ በቀን ሥራ ብቻ እያንዳንዳቸው ይህንኑ ያህል ያገኙ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማንም ገዢ ዋጋ ሲነግረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ቀኑን ነው። ፌርትሬድ የሚባለው የፍትሐዊ ንግድ ምስክር ወረቀት ደንብ ራሱ፣ የቡና ገበሬዎች ከጠየቁ እስከ 60 በመቶ ቅድመ ክፍያ እንዲመቻችላቸው ይላል። ካልጠየቃችሁ ግን ጎትቶ የሚሰጣችሁ የለም። የኛ አገር ምርት ገበያ ቡናውን ቀላቅሎ የማን እንደሆነ አጠፋብን ብለን ስንወቅሰው ኖረናል፤ ልክ ነን። ግን ገንዘቡን በማግስቱ ይከፍላል። ያኔ ይህን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ህንድ ውስጥ የገበሬ ማኅበር ሥልጠና ሁሉ በአሙል ታሪክ ይጀምራል፤ በ1946 የጉጃራት ወተት አምራቾች ተባብረው ከነጋዴው እጅ እንዴት እንደወጡ። አሠልጣኙ ስለ አንድነት አንድ ሰዓት ያወራል። ወተት የሰጠችው ሴትዮ ብሯን ቶሎ ታገኝ እንደነበር ግን አይነካም። እኔ ብሆን ከዚያ እጀምር ነበር።

ሌላም አለ፤ የመንግሥት ሰዎች አይወዱልኝም። በ2020 የወጣው የገበሬ ኩባንያዎች ፕሮግራም ድጋፍ ለማግኘት ሜዳ ላይ 300፣ ተራራ አካባቢ 100 አባል ይጠይቃል። ለአንድ አባል እስከ 2,000 ሩፒ የካፒታል ድጋፍ አለው። ጥሩ ገንዘብ ነው። ግን በመጀመሪያ ዓመት አትንኩት። የማይተዋወቁ 100 ሰዎች ወረቀት ላይ ከምትሰበስቡ፣ በሌሊት የሚጠራሩ 12 ቤቶች ይበቃሉ። ለቃለ ጉባኤና ለማህተም በኋላ ትደርሳላችሁ፤ የትም አይሄዱም።

የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀትም ይቆይ። ለቡና 36 ወር የሽግግር ጊዜ አለው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ወጪው አለ፣ የኦርጋኒክ ዋጋው የለም። መርጨት የማያውቅ ሰው እንዳልረጨ ለማስመስከር ሦስት ዓመት ይከፍላል። ከላይ ሆኖ ማጣደፍ ደግሞ የባሰ ነው። ስሪላንካ በ2021 የኬሚካል ማዳበሪያን ባንዴ አግዳ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር እገዳውን አንሥታለች፤ በመሃል የሩዝ ገበሬው ምርቱ ወደቀበት።

በሁለተኛው ዓመት በ12 ቤት ብቻ ጀመርን። ገዢውን ቀየርን፤ አዲሱ ግማሹን ቡናው ሲጫን ይከፍላል፣ ጭማሪው ግን 35 ሩፒ ብቻ ነው። ደስ እያለን አካ ፈረሙ። የበዓሉን ቀዳዳ የደፈነው ግን የኔ ብልሃት አይደለም። አካ ናቸው ያመጡት። ቁንዶ በርበሬ ከደረቀ ይቀመጣል፣ አይበላሽም፣ በማንኛውም የገበያ ቀን በጥሬ ገንዘብ ይሸጣል። 12ቱ ቤት በመጋቢት ከለቀሙት ግማሹን አስቀምጠው ለሳንክራንቲ ሸጡት። እኔ ቤንጋሉሩ ድረስ ስደውል፣ ባንኩ እዚያው ግራቪሊያው ላይ ተጠምጥሞ ነበር።

ነጋዴውንም አላስወጣነውም። ጂፑን ለጭነት ተከራየነው። በኪሎ ሒሳብ ተከራክሮ ትንሽ አስጨምሯል። ስብሰባ ላይ መጥቶ ከኋላ ይቀመጣል፤ ሽማግሌው አጠገብ።

ባለፈው ጥር አካ ደወሉልኝ። ገንዘቡ በቀኑ ገብቷል፣ ለልጅ ልጃቸው ቀይ ቀሚስ ገዝተዋል። ደስ አለኝ። ደብተሩ ላይ የተሳሳተችው ፊደልስ ተስተካከለች ወይ አልኳቸው።

«ማክሰኞ ኑ ብለውናል፣ ታሙዱ» አሉኝ።