ከ12 ሳምንት በላይ ላለ ጽንስ ማቋረጥ፦ ሁለቱን የመድኃኒት አሰጣጦች ስናነጻጽር

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ለምትሠሩ አዋላጆችና ሐኪሞች እስካሁን የደረስንበት ይኸው። የምናወራው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ስለተፈቀዱና በጤና ተቋም ውስጥ ስለሚሠሩ ጉዳዮች ነው።

ሁለቱ አሰጣጦች ሚፌፕሪስቶንን (ማህፀኑን የሚያዘጋጀውን) ከሚሶፕሮስቶል (ማህፀኑን ከሚያኮማትረው) ጋር መስጠትና ሚሶፕሮስቶልን ብቻውን መስጠት ናቸው። ሚፌፕሪስቶን ካለ ምርጫው አያከራክርም። 200 ሚሊግራም፣ አንድ ፍሬ ይዋጣል። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ተቆይቶ ሚሶፕሮስቶል 400 ማይክሮግራም፣ ማለትም ባለ 200 ሁለት ፍሬ፣ በየ3 ሰዓቱ በጉንጭ፣ ከምላስ ሥር ወይም በብልት ይሰጣል። ሚፌፕሪስቶን ከሌለ ያው ሚሶፕሮስቶል በዚያው መጠንና ሰዓት ብቻውን ይሠራል፤ ግን ምጡ ይረዝማል፣ የሚሰጠው ፍሬ ይበዛል፣ ብርድ ብርድ ማለቱና ተቅማጡም እንዲሁ። ከሩቅ፣ ከወግዲ ወይም ከመቅደላ የመጣች ሴት «ዛሬውኑ ጨርሱልኝ» ስትል ሁለቱን ባንዴ መስጠት ያጓጓል። ሚፌፕሪስቶን ማህፀኑን የሚያዘጋጀው ግን በዚያች አንድ ቀን ነው፤ የዘለላችሁትን ሰዓት ምጡ ላይ ትከፍሉታላችሁ።

«መድኃኒቱ አልሠራም» ሲባል መጀመሪያ የተሰጠበት ሰዓት የተመዘገበበትን ካርድ እዩ። 3 ሰዓቱ ሌሊት ላይ ወደ 6 ተለጥጦ ይገኛል። 5 ጊዜ ተሰጠ ተብሎ ማቆምም የቀረ ነገር ነው፤ የቁጥር ገደቡ ተነስቷል።

ቀጥሎ ማሸጊያውን እዩ። ሚሶፕሮስቶል እርጥበትና ሙቀት አይችልም፤ የባቲና የከሚሴ ሙቀትም፣ የደሴ የክረምት ጉምም ይጎዳዋል። ሁለቱም ጎኑ አሉሚኒየም የሆነውን ምረጡ፤ ቀዳዳ ያለውን ጣሉ። ፍሬው ነጭና ደህና መስሎ ኃይሉ ሊያልቅ ይችላል። አስቀድሞ ፈልቅቆ በብልቃጥ ማስቀመጥማ አይታሰብ።

ደም ከጀመረ በኋላ በብልት የሚሰጠው በደንብ ስለማይመጠጥ ወደ ጉንጭ ቀይሩ፤ 30 ደቂቃ ይዛ የቀረውን በውሃ ትዋጠው። ኢቡፕሮፌኑ ቁርጠቱ ሳይጠና ይሰጥ።

ምጡን ለማፋጠን ብሎ ሚሶፕሮስቶል ላይ ኦክሲቶሲን (ሌላውን የምጥ መድኃኒት) መደረብ ማህፀን ሊያስቀድድ ይችላል። ጽንሱ ከወጣ በኋላ ግን ኦክሲቶሲን ቦታው ነው። ደም እስካልበዛ ድረስ ለእንግዴ ልጁ ጊዜ ስጡት፤ ለሁሉም ሴት በልማድ ማህፀን መጥረግ አያስፈልግም።

ከ24 ሳምንት በላይ ማህፀኑ ለመድኃኒቱ ስሱ ስለሚሆን መጠኑ ወደ 200 ማይክሮግራም በየ4 ሰዓቱ ይወርዳል። በቀዶ ጥገና የወለደች ከሆነች የቀዶ ጥገና ክፍል በሌለበት አትጀምሩ።

የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ (አርኤች ኔጌቲቭ) ከሆነ አንቲ-ዲ (ሰውነቷ በጽንሱ ደም ላይ እንዳይነሳ የሚሰጠው መርፌ) አይረሳ። የሚሶፕሮስቶል ትኩሳት ቶሎ ይወርዳል፤ ከመጨረሻው መጠን በኋላ 24 ሰዓት ካለፈው ኢንፌክሽን ፈልጉ።