ከጅማ ሆኜ የደርባንን ማዕበል ሳነብ

የደርባን ማዕበል «ዛሬ 1.5 ሜትር ነው» ሲባል ገና ምንም አልተነገረንም። ይሄን ነገር በደንብ ማስረዳት ስለምፈልግ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት፣ ምክንያቱም ከዚህ ከጅማ፣ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ በኩል ስንት ልጆቻችን ደቡብ አፍሪካ ናቸው፣ ደርባን ያሉት ደግሞ የእረፍት ቀን ሲያገኙ ቀድመው የሚሄዱት ባሕር ዳር ነው፣ አብዛኞቻችን ደግሞ ወንዝ እያየን እንጂ ባሕር እያየን አላደግንም። እኔ የጅማ ልጅ ነኝ፣ ስራዬ ቡና ነው። ታናሽ ወንድሜ ግን ደርባን ሱቅ ይሰራል፣ እና ሰርፍ፣ ማለትም ሰሌዳ ላይ ቆሞ ማዕበል መጋለብ ጀምሯል። እሱ ከጀመረ ወዲህ ጠዋት ስነሳ ስልኬ ላይ ዊንዲ የሚባለውን የአየር ትንበያ አፕ ከፍቼ መጀመሪያ የጅማን ዝናብ ቀጥዬ የደርባንን ስዌል፣ ከሩቅ ተነስቶ የሚመጣውን ማዕበል አያለሁ፣ ሁለቱንም ሳላይ ከቤት አልወጣም።

ፎርካስቱ (ትንበያው) ላይ የማዕበሉ ከፍታ በሜትር፣ ፔሬዱ በሰከንድ፣ ስዌሉ የሚመጣበት አቅጣጫ፣ ነፋሱ እና ታይዱ፣ ማለትም የባሕሩ ሙላትና ጉድለት አለ። ሰው ሁሉ ዓይኑ የሚሄደው ሜትሩ ላይ ነው። እኔ ሰከንዱን ቀድማችሁ እዩ እላለሁ። ፔሬድ ማለት አንዱ ማዕበል ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ነው፣ በቃ። አሁን 1.5 ሜትር በ8 ሰከንድና 1.5 ሜትር በ15 ሰከንድ ጭራሽ አይገናኙም። ባለ 8 ሰከንዱ ጥልቅ ውሃ ላይ ከአንዱ ማዕበል ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጫፍ 100 ሜትር ገደማ ነው፣ ባለ 15ቱ ግን 350 ሜትር ነው። ማዕበል የባሕሩ ወለል የሚሰማው ጥልቀቱ የርዝመቱ ግማሽ ሲሆን ነው፣ ስለዚህ አጭሩ 50 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲደርስ ነው ወለሉ መያዝ የሚጀምረው፣ ረጅሙ ግን ከ175 ሜትር ጀምሮ። ወለሉ ሲይዘው ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ውሃው ይከማቻል፣ ከፍ ይላል። ለዛ ነው ስክሪኑ ላይ 1.5 ያየነው ነገር ዳር ሲደርስ ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ የሚሰበረው። ጉልበቱም ቢሆን፣ ከፍታው እኩል ከሆነ ፔሬዱ በእጥፍ ሲጨምር ይዞት የሚመጣው ጉልበትም በእጥፍ ይጨምራል። ወንድሜ መጀመሪያ አካባቢ «እትዬ ቁጥሩ እኮ ከትናንቱ ጋር አንድ ነው፣ ባሕሩ ግን ሌላ ነው» ብሎ ቮይስ ሲልክልኝ ያልገባን ነገር ይሄ ነበር፣ ሰከንዱ ነው የተቀየረው።

ማዕበሉ የሚፈጠረው እዛው ደርባን አይደለም። ከአፍሪካ በታች፣ ከ40 ዲግሪ ደቡብ ጀምሮ ወደ አንታርክቲካ በኩል፣ ነፋሱን የሚያግድ መሬት የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ አውሎ ነፋሱ እንደልቡ ይዞራል። እዛ ላይ ባሕሩ ይታመሳል፣ ትንሹም ትልቁም ማዕበል አንድ ላይ ተደባልቆ ነው የሚነሳው። ከዛ ርቀቱ ይለየዋል፣ ልክ ቡና በወንፊት እንደሚለይ። ረጅም ፔሬድ ያለው ይፈጥናል፣ ባለ 15 ሰከንድ ስዌል በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ማለትም በቀን 1000 ኪሎ ሜትር፣ ባለ 8ቱ ግን በሰዓት 22 አካባቢ ነው። ስለዚህ ሩቅ የተነሳ አውሎ ነፋስ ቀድሞ የሚልከው ረጃጅሞቹን ነው፣ ፎርካስቱም ላይ ሰከንዱ መጀመሪያ ከፍ ብሎ ይገባና በየቀኑ ዝቅ እያለ ይሄዳል። እኔ ይሄን በጣም ነው የምወደው። ካርታው ላይ ከታች ቀይ ነገር ሲዞር አያለሁ፣ ርቀቱን ለ1000 አካፍላለሁ፣ ለወንድሜ «ከነገ ወዲያ ይደርሳል» እለዋለሁ፣ ደግሞ ይደርሳል!

ይሄ ስሌት ዝም ብሎ አልመጣም (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ዋልተር መንክ የሚባል ሳይንቲስት ከአስተማሪው ከሃራልድ ስቨርድሩፕ ጋር ሆኖ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደር የጫኑ ጀልባዎች ዳር ላይ መድረስ የሚችሉበትን ቀን ለማወቅ የማዕበል ትንበያ ዘዴ ሰራ፣ በ1944 ለኖርማንዲው ጦርነትም ጥቅም ላይ ውሏል። በኋላ ደግሞ በ1963 ከነቡድኑ ከኒውዚላንድ እስከ አላስካ ድረስ መለኪያ ጣቢያ ተክለው፣ ከታች ከደቡብ የተነሳ ስዌል ፓስፊክን ሙሉ አቋርጦ አላስካ ሲደርስ እግር በእግር ተከታተሉት። ከዛም በፊት ሜክሲኮ አጠገብ ጓዳሉፔ የምትባል ደሴት ላይ ሲለኩ ያገኙት ስዌል መነሻው እኛው ህንድ ውቅያኖስ ሆኖ ነው የተገኘው። ግማሽ ዓለም ዞሮ ማለት ነው።

ወደ ደርባን ልመለስ። ከተማው ፊቱን ወደ ምስራቅ ነው ያዞረው፣ ከወደቡ በስተደቡብ ደግሞ ብላፍ የሚባል ወደ ባሕሩ የገባ ኮረብታ አለ። ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣ ስዌል እሱ ይጋርደዋል፣ ታጥፎ ነው ከተማው ዳር የሚገባው፣ መታጠፍ ላይ ደግሞ ረጅም ፔሬድ ያለው ይሻላል ምክንያቱም ወለሉ ቀድሞ ስለሚይዘው። ከደቡብ ምስራቅ ወይ ከምስራቅ ከመጣ ግን ቀጥታ ነው። ስለዚህ አቅጣጫ የምትለዋን ቀስት አትለፏት፣ ያው 2 ሜትር ከደቡብ ምዕራብ ሲሆን ከተማው ጋ ለጀማሪ የሚመች ይሆናል፣ ከምስራቅ ሲሆን ደግሞ ጀማሪ የማይጠጋው።

ሌላው አሸዋው ነው። ደርባን ላይ ማዕበሉን የሚያሰብረው አለት አይደለም፣ ፒር በሚሏቸው ወደ ባሕሩ በተዘረጉ መራመጃዎች መሃል የሚከማች አሸዋ ነው። እዛ ዳርቻ አሸዋ በተፈጥሮው ከደቡብ ወደ ሰሜን ነው የሚጓዘው፣ የወደቡ መግቢያ ግንብ ግን መንገዱን ዘጋበት፣ ስለዚህ አሸዋው ከወደቡ ደቡብ በኩል እየወጣ በቧንቧ ወደ ሰሜኑ ዳርቻ ይረጫል። ይሄን ሳነብ በጣም ነው የገረመኝ፣ ሰርፈሩ የሚጋልበው ማዕበል ቅርጹ ፓምፑ መስራት አለመስራቱ ላይ ሳይቀር ይወሰናል ማለት ነው። የ1977 የዓለም ሻምፒዮኑ ሾን ቶምሰን ያደገው እዚሁ ደርባን፣ ቤይ ኦፍ ፕሌንቲ የሚባለው ዳርቻ ላይ ነው።

ነፋስ። ጠዋት ላይ መሬቱ ሌሊት ስለቀዘቀዘ ቀለል ያለ ነፋስ ከመሬት ወደ ባሕር ይነፍሳል፣ ኦፍሾር የሚሉት፣ የማዕበሉን ፊት ያለሰልሰዋል፣ ቶሎ እንዳይፈርስ ይይዘዋል። ከሰዓት ሰሜን ምስራቁ ከባሕር በኩል ይነሳና ሁሉን ነገር ያበላሸዋል፣ በተለይ በእነሱ በጋ። ስለዚህ ወንድሜ የሚወርደው ንጋት ላይ ነው፣ በሰኔና ሐምሌ እዛ ፀሐይ የምትወጣው የእኛ ሰዓት ሁለት ሊሆን ሲል ነው፣ እኔ ቁርስ ላይ እያለሁ ቮይሱ ይገባል፣ ከኋላ የውሃው ድምፅ አለ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ «እትዬ መስታወት ነው ዛሬ፣ ነፋስ የለም፣ ሴቶቹ እየቆዩ ነው የሚገቡት ግን ሲገቡ ንጹህ ናቸው»። ሴት የሚለው በቡድን የሚመጡትን ትልልቅ ማዕበሎች ነው። በክረምታቸው አንዳንዴ ደግሞ ብርድ ከመምጣቱ በፊት ከተራራው በኩል በርግ ዊንድ የሚሉት ደረቅና ሞቃት ነፋስ ይወርዳል፣ በክረምት መሃል 30 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፣ ከዛ በድንገት ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞሮ ይቀዘቅዛል። ያ ዙር ሲመጣ ባሕሩ ላይ ያለ ሰው ቶሎ መውጣት አለበት።

እኛን ከዚህ ጋር ምን አገናኘን ለምትሉ፣ በደንብ ያገናኘናል። ሞሪሺየስና ሬዩኒየን አካባቢ በእኛ ክረምት የሚጠነክር ማስካሬን የሚባል ከፍተኛ የአየር ግፊት አለ። ከሱ በሰሜን በኩል የሚወጣው ነፋስ ምድር ወገብን ተሻግሮ፣ ታጥፎ፣ የሶማሊያን ዳርቻ ይዞ በኃይል ይነፍሳል፣ የእኛን ክረምት ከሚቀርጹት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ብቸኛው አይደለም፣ የጅማ እርጥበት ከአትላንቲክና ከኮንጎ ደን በኩልም ይመጣል። ግን ያቺው ወንድሜ ስዌል የሚያይባት ካርታ ላይ ጣቴን ወደ ላይ ሳንሸራትት የእኔንም ዝናብ ነው የማገኘው። ባሕሩን ማንበብ ከተማርኩ በኋላ የጅማንም አየር በሌላ ዓይን ነው የማየው። ድሮ የደመናውን ስዕል ብቻ አይቼ «ይዘንባል» ብዬ እተው ነበር፣ አሁን ነፋሱ ከየት እንደሆነ፣ እርጥበቱ ስንት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር ነው የማየው። ኅዳር ላይ እሸቱ ቡና ተለቅሞ ማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣ ይሄ ነገር ገንዘብ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ዝናብ ካለ ሰባት ላይ ቡናው መሃል ተሰብስቦ ላስቲኩ መልበስ አለበት፣ አንዴ ከራሰ ሻጋታው አይለቅም፣ ቀማሹም ስኒው ላይ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ። ረጅም ፔሬድ ያለው ስዌል ባሕር የማያውቅን ሰው ያታልላል። በሴቶች መሃል ብዙ ደቂቃ ፀጥ ይላል፣ ውሃው ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ከሀገር ቤት የመጣ ልጅ አይቶ «ዛሬ ሰላም ነው» ብሎ እስከ ደረቱ ይገባል፣ ከዛ አራት አምስት ትልልቅ በተከታታይ ይመጣሉ። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ዳር ቁሙና ቢያንስ ሃያ ደቂቃ እዩ፣ የምሬን ነው፣ ዝም ብላችሁ እዩ። ፎርካስቱ ላይ ከ12 ሰከንድ በላይ ካያችሁ ደግሞ የበለጠ ቆዩ።

ታይዱንም እዩ። ደርባን ላይ በሙላትና በጉድለት መሃል ትልቁ ልዩነት ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል፣ ጨረቃ ሙሉና አዲስ ስትሆን ነው የሚሰፋው። በመጋቢት 2007 የዓመቱ ከፍተኛ ታይድ ከትልቅ ስዌል ጋር ተገጣጥሞ ደርባን ያለችበትን ክፍለ ሀገር የባሕር ዳር አሸዋ ጠርጎ መንገድና ቤት አፈራርሷል።

ዝናብ ከጣለ በኋላ አትግቡ። ወንዙ ጭቃውንም ፍሳሹንም ይዞ ይወርዳል፣ ውሃው ቡናማ ይሆናል፣ ዛምቤዚ የሚሏቸው ሻርኮች ደግሞ ደፍራሽ ውሃ ይወዳሉ። ከተማው ከ1952 ጀምሮ የሻርክ መረብ አለው፣ ግን መረቡ ግድግዳ አይደለም፣ በሰኔና ሐምሌ ሰርዲን በገፍ ሲያልፍም የሚነሳበት ጊዜ አለ። በሚያዝያ 2022 የጣለው ጎርፍ ከ400 በላይ ሰው ገድሏል፣ የፍሳሽ መስመሮቹ ስለተሰባበሩ ዳርቻዎቹ ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ነበር፣ ያን ሰሞን ወንድሜ ጋ ስደውል የማወራው ስለ ሰርፍ አልነበረም። አውሎ ነፋሱም እንደዛው ነው። በ2023 ፍሬዲ የተባለው ከአውስትራሊያ አጠገብ ተነስቶ ህንድ ውቅያኖስን ሙሉ አቋርጦ ማዳጋስካርን፣ ከዛም ሞዛምቢክን ሁለቴ መታ፣ ማላዊ ላይ ብዙ ሰው አለቀ። ስለዚህ ካርታው ላይ ትልቅ ክብ ነገር ሳይ ከስዌሉ በፊት ከስሩ ያለውን ሀገር ነው የማየው።

የመጨረሻው ሪፕ ነው፣ ወደ ባሕሩ የሚጎትት ውሃ። ማዕበሉ ወደ ዳር የገፋው ውሃ መመለሻ ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜ በፒሮቹ ጎን ነው የሚመለሰው። ከላይ ሲታይ ማዕበል የማይሰበርበት፣ ጠቆር ያለ፣ የተረጋጋ የሚመስል መስመር ነው፣ ለዛ ነው ሰው መርጦ የሚገባበት። ሰርፈሮቹ አውቀው ወደ ውስጥ ለመውጣት ይጠቀሙበታል፣ ቦርድ የሌለው ሰው ግን ከያዘው ፊት ለፊት መታገል የለበትም፣ አቅም ይጨርሳል። ተንሳፈፉ፣ እጃችሁን አንሱ፣ ከቻላችሁ ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ዋኙ፣ ፍሰቱ ሲለቃችሁ ተመለሱ። ዋና ለማትችሉ ደግሞ፣ ላይፍጋርዶቹ (የባሕር ዳር ነፍስ አድን ሠራተኞቹ) በተከሏቸው ቀይና ቢጫ ባንዲራዎች መሃል ብቻ ግቡ፣ እዛም ቢሆን እስከ ወገብ። ባንዲራ የሌለበት ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ ወይ ዳር ላይ ተቀመጡ ወይ በማግስቱ ጠዋት ተመለሱ፣ ጠዋት ነፋሱም ይሻላል።