ጃርቱን ማን ላጨው?

ማንም ሳይሾመኝ ነው ዳኛ የሆንኩት። ስለዚህ የደረሰብኝን ሁሉ ፈልጌ ያመጣሁት ነው።

ነሐሴ ነበር። የደሴን ነሐሴ የሚያውቅ ያውቀዋል። በር ስትከፍት ጉሙ እንደ ቤተኛ ሰተት ብሎ ይገባል። ጦሳ የሚባል ተራራ እንደነበረ የምታስታውሰው በወሬ ነው። እህቴ የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ሦስቱን ልጆቿን የሐረጎን ዳገት አስወጥታ ሆጤ፣ እማዬ ቤት ታራግፍልናለች። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ልጆቹ ግን በቲሸርት ተሳፍረው በጋቢ ነው የሚወርዱት።

እነሱን ለማሞቅ ብዬ ነው የዛሬ አራት ዓመት ተረት የጀመርኩት። ተረት ስል፣ መጽሐፍ ነው። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እጄ ገባ። ሲ ኤስ ሌዊስ በፈረንጆቹ 1950 ያሳተመው «አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁም ሳጥኑ» ነበር። አራት ወንድምና እህቶች በቁም ሳጥን ውስጥ አልፈው ናርኒያ የምትባል አገር ይገባሉ። አገሪቱን አንዲት ነጭ ጠንቋይ በብርድ ቀፍድዳ ይዛታለች። ከዚያ አስላን የሚባል አንበሳ ይመጣል። ወደድኩት። መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ሁለት ጊዜ ጨረስኩት። ከዚያ ወዲህ አልገለጥኩትም። ለምን እገልጠዋለሁ? በቃሌ ይዤዋለሁ።

እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

ወደ አማርኛ ሳመጣው ችግር አላጣኝም። መጀመሪያ በረዶው። «ናርኒያ ውስጥ 100 ዓመት በረዶ ጣለ» ስላቸው ማሙሽ፣ «ታዲያ ቆርቆሮው እንዴት ቻለው?» አለኝ። እውነቱን ነው። እኛ ጋ በረዶ ማለት ጣሪያ የሚደበድብ፣ ባቄላ የሚያወድም ነገር ነው። እንደ ጥጥ ቀስ ብሎ የሚወርደውን እኔም አይቼ አላውቅ። አመዳይ ልበለው ብል እማዬ ከለከለችኝ። «አመዳይ ከሰማይ ሲወርድ አይታይም፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ነው የምታገኘው» አለች።

ቀጥሎ ዝነኛው እርግማን። ናርኒያ ውስጥ ሁልጊዜ ክረምት ነው፣ ገና ግን አይመጣም። ይህን በታላቅ ሐዘን ተረክሁላቸው። ዝም ብለው አዩኝ። «ጋሼ፣ ገና በክረምት መቼ መጥቶ ያውቃል?» አለች ትልቋ። ለእሷ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ገና ደግሞ ታኅሣሥ። የጠንቋይዋ እርግማን ተራ የዘመን አቆጣጠር ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ጣፋጩ። ጠንቋይዋ ኤድመንድ የሚባለውን ልጅ የምታታልለው በአንድ የቱርክ ጣፋጭ ነው። የእንግሊዝኛ ስሙን ቃል በቃል ብትመልሰው «የቱርክ ደስታ» ይሆናል። አሥረኛ ክፍል ሆኜ መዝገበ ቃላቱን ሳይ ደስታ አለኝ። ደስታን ደግሞ አውቀዋለሁ። ሱቅ የሚሸጠው ከረሜላ ነዋ! ስለዚህ በእኔ ናርኒያ ጠንቋይዋ ከነወረቀቱ ደስታ ከረሜላ ነው የምታድለው።

ተኩላዎቹን ጅብ አደረግኳቸው። ጅብ ማታ ማታ ራሱ ከውጭ ስለሚጮህ በነፃ ያጅበኛል። ቢቨር የሚባለው ግድብ የሚሠራ እንስሳ እኛ አገር የለም። እሱን ጃርት አደረግኩት። አያ ጃርትና እሜቴ ጃርት።

ከሁሉም የምወደው ግን አሮጊቷን ነው። ናርኒያ ጫካ መሀል አንድ የመብራት ፖል አለ። ከሥሩ አንዲት አሮጊት ትቀመጣለች። ያገኘችውን ሁሉ «እንቆቅልሽ» ትላለች። ያልመለሰ አያልፍም። የመለሰችው ሉሲ፣ ትንሿ ልጅ ብቻ ናት። እዚህ ቦታ ስደርስ ድምፄ ራሱ ይለወጣል። ኩኩ አፏን እንደከፈተች እንቅልፍ ይወስዳታል።

ዘንድሮ ትልቋ 14 ዓመት ሆናት። ፊልሙን በፍላሽ ይዛ መጣች። ፊልም እንዳለው አውቃለሁ። በፈረንጆቹ 2005 የወጣ ነው፣ አንድሩ አዳምሰን የሚባል የኒው ዚላንድ ሰው ያዘጋጀው። እስካሁን ያላየሁት በኩራት ነው። «መጽሐፉን የሚያህል የለም» እያሉ ሰው ከሚያሰለቹት ወገን ነኝ። እናም አፌ አላርፍ አለ። «እሺ እንየው። ፈራጁ እኔ ነኝ። ከ10 ይጀምራል፤ ከመጽሐፉ ላጎደለው ሁሉ እቀንሳለሁ» አልኩ።

ትልቋ ደብተር አወጣች፤ የችሎቱ ጸሐፊ ሆነች። ማሙሽ ሪሞት ያዘ። ኩኩ፣ አምስት ዓመቷ፣ ታዛቢ። እማዬ ቡናዋን አቀራረበች። ጎረቤታችን እትዬ «ምንድነው ዛሬ ሸንጎው?» ብላ ገብታ ቁጭ አለች። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ዳኛም፣ አስተርጓሚም፣ ፈንድሻ አቀባይም እኔው ነኝ።

ፊልሙ ሲጀምር አውሮፕላን ለንደንን ይደበድባል። ልጆች ይሮጣሉ፣ እናት ትጮሃለች።

«አቁም!» አልኩ። ማሙሽ አቆመ። «ይህ መጽሐፉ ላይ የለም። መጽሐፉ በአየር ድብደባው ምክንያት ከለንደን ተላኩ ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፈው።»

ይህን ትክክል ብያለሁ። ይመዝገብልኝ፤ በዚያ ምሽት ትክክል የሆንኩባቸው ጊዜያት ብዙ አይደሉም። እማዬ ግን ጋቢዋን ወደ አፏ ሰብስባ ነበር። «አትቀንስ» አለችኝ። «ልጅ ከእናቱ ለምን እንደተለየ ሳያሳዩኝ እንዴት አብሬያቸው ልሂድ?» እትዬም ዝም አለች። ደሴ ይህን ለማወቅ ፊልም አያስፈልጋትም። አልቀነስኩም። ዳኛ እናቱ ቤት ሲያስችል እንዲህ ነው።

ሉሲ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገባች። ካፖርቱን እየገፋች ወደ ኋላዋ ስትሄድ በረዶው ላይ ወጣች። የልጅቷ መደነቅ የእውነቷን ነው። ጆርጂ ሄንሊ የምትባለዋን ይህችን ልጅ ወደ ቀረጻው ቦታ ያስገቧት ዓይኗን ሸፍነው ነበር።

«በረዶው ድምፅ የለውም እንዴ?» አለ ማሙሽ። ለአራት ዓመት ቆርቆሮ ሲሰማ ኖሯል።

ከወገቡ በታች ፍየል የሆነው ቱምነስ ጃንጥላውንና ዕቃውን ይዞ ብቅ አለ። ሌዊስ ታሪኩ የተጀመረው 16 ዓመቱ ሳለ አእምሮው ውስጥ ከተሳለችው ከዚህች ሥዕል ነው ብሏል። ይህን ላብራራ ስል «ጋሼ፣ እያወራ ነው፣ ተርጉም!» ተባልኩ። ቱምነስ ሉሲን ሻይ ጋበዛት።

«ቡናውስ?» አለች ኩኩ። በእኔ ትረካ ሉሲ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥታ ነው የምትወጣው።

«እ... ፈረንጆች ስለሆኑ ነው» አልኩ። ጸሐፊዋ ከደብተሯ ቀና ብላ አየችኝ። ያኔ ነበር መጠንቀቅ። እኔ ግን ቀጠልኩ፦ «መጽሐፉ ላይ ምግቡ ሌላ ነው! የተቀቀለ እንቁላል፣ ሰርዲን በተጠበሰ ዳቦ፣ ዳቦ በቅቤ፣ ዳቦ በማር፣ ከላዩ ስኳር ያለው ኬክ። ግማሽ ነጥብ!» ይህም እውነት ነው። 9.5።

ጠንቋይዋ መጣች። ቲልዳ ስዊንተን ናት። ድምፅዋን ሳታነሳ ነው የምታስፈራው። «ሱብሃነላህ፣ ይቺ ሴትዮ ደም አላት?» አለች እትዬ። ለኤድመንድ ጣፋጩን ሰጠችው። ለስላሳ፣ የስኳር ዱቄት የለበሰ ነገር። ማሙሽ ሳልነግረው ሪሞቱን ተጫነ።

«ይሄ ደስታ አይደለም! ወረቀቱ የታለ?»

«የቱርኩ ወረቀት የለውም» አልኩ።

«ነሐሴ እኮ ጾም ነው። ምኑ ነው የሚበላው?» አለች እማዬ።

«ስኳርና ስታርች ነው እማዬ።»

«እንግዲያ ጾሙን አልሻረም። ወንድምና እህቶቹን ግን ሸጠ። ኤሳው እንኳ በምስር ወጥ ነው የሸጠው፤ እሱስ ያጠግባል።»

ከዚያ ቢቨሩ ከበረዶው ውስጥ ብቅ አለ። ድብልብል፣ ጸጉሩ እንደ ሐር የለሰለሰ። ቤቱ ጸጥ አለ። የኩኩ ከንፈር ተንቀጠቀጠ።

«አያ ጃርትን ላጩት!»

ለቅሶው ይህን ያህል ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። «ማን ነው የላጨው? ጋሼ፣ ማን ላጨው?» እዚህ ጋ «ቢቨር ነው ልጄ፣ ጃርት ያልኩት እኔ ነኝ» ብል ሁሉም ያበቃ ነበር። ግን ችሎት ላይ ነኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ «አዘጋጁ በገዛ ሥልጣኑ የፈጸመው ነው፤ አንድ ነጥብ ቀንሻለሁ» አልኩ። ጅቦቹ ተኩላ ሆነው ሲመጡ ሌላ አንድ። 7.5። ንጹሕ ሰው እየቀጣሁ እንደሆነ አውቃለሁ።

ልጆቹ ተኩላ እያባረራቸው የሚፈርሰውን የበረዶ ወንዝ የሚሻገሩበትም መጽሐፉ ላይ የለም። እዚያ ላይ መቀነስ ነበረብኝ። ነገር ግን ቆሜ «እለፉ! እለፉ!» ስል የእትዬን ሲኒ ረግጬ ስለነበር ረሳሁት።

አስላን ሰፈር ደረሱ። አንበሳው በሊያም ኒሰን ድምፅ ይናገራል፤ ግርማ አለው። አስላን በቱርክኛ አንበሳ ማለት ነው፤ ጣፋጩም የቱርክ፣ የአንበሳው ስምም የቱርክ። እኔ ግን ደሜ እየፈላ ነበር። አሮጊቷ የለችም! ፖሉን አሳይተውኛል። ከሥሩ ማንም የለም። ምናልባት ቆይታ ትመጣለች ብዬ ስጠብቅ ፊልሙ ተጋመሰ።

ተነሣሁ። «ይህ ይቅር የማይባል ነው። የመጽሐፉን ልብ ነው ያወጡት። አሮጊቷ ከሌለች ሉሲ ምኗ ሉሲ ነው? ሦስት ነጥብ!»

4.5። ጸሐፊዋ ጻፈች። ከዚያ ደብተሯን አስቀምጣ ወደ እማዬ ቁም ሳጥን ሄደች። ከነጠላዎቹ ሥር ያንን አይጥ የቀመሰውን መጽሐፍ አወጣች። እዚያ እንዳለ ረስቼዋለሁ።

«የቱ ገጽ ላይ ናት ጋሼ?»

«መጀመሪያ አካባቢ። ፖሉ ጋ።»

አነበበች። ገለጠች። አነበበች። «የለችም።»

«አይጥ የበላው ገጽ ይሆናል።»

«አይጥ የበላው ጠርዙን ነው። 17ቱም ምዕራፍ አለ።» ሌላ ገጽ ገለጠች። «ጃርትም የለም፤ ቢቨር ነው የሚለው። ጅብም የለም። ቡናም የለም።»

ማሙሽ በተስፋ፣ «ደስታስ?» አለ።

እማዬ ፍሟን እያራገበች ነበር። «የቷን ነው የምትሉት? እንቆቅልሽ የምትለዋን?»

«አዎ እማዬ!» አልኩ። ምስክር ተገኘ።

«እሷማ የኔ ናት። ፖል ሥር አልነበረም ያስቀመጥኳት፣ ዋርካ ሥር ነው። አንተ ብርድ አላስተኛህ ሲል ለአንተ የፈጠርኳት ናት።» ማራገቢያውን አቆመች። «ቆይ፣ ሰዎቹን ሦስት ነጥብ የቀጣሃቸው የኔን አሮጊት አላመጣችሁም ብለህ ነው?»

እትዬ በሳቅ ተንፈራፈረች። እኔ ችሎቱ ለአጭር ጊዜ ይቋረጣል አልኩ። የሰማኝ የለም፤ ፊልሙ ቀጥሎ ነበር። ሌሊት ነው። አስላን ብቻውን ወደ ድንጋዩ ጠረጴዛ ሄደ። አሰሩት። ከዚያ... ጎፈሩን መቁረጥ ጀመሩ።

«እሱንም ላጩት!» ብላ ጮኸች ኩኩ።

ጠንቋይዋ ቢላዋውን አነሣች። በዚያች ቅጽበት መብራት ሄደ።

የቤቱን ጩኸት አልገልጸውም። ጎረቤት በር አንኳኳ። ኩኩን በጨለማ ፈልጌ አቀፍኳት። «አብሽሪ፣ አንበሳው ይነሳል» አልኳት።

ዝምታ። ከዚያ የማሙሽ ድምፅ መጣ። «ጋሼ፣ ይሄ ከመጽሐፉ ነው ወይስ ከእማማ?»

«ከመጽሐፉ ነው!»

«ማል።»

«እማዬ ትሙት!»

«በእማማ አይሆንም። እሷም አለችበት።»

ጸሐፊዋ በስልኳ መብራት መጽሐፉን ገለጠች። «ምዕራፍ 15። ይነሳል» አለች። ኩኩ ወዲያው ዝም አለች። አራት ክረምት ሙሉ ተረት እየተረክሁ ያሞቅኳት ልጅ!

መብራት የመጣው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ልጆቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ተኝተዋል። እትዬ ወደ ቤቷ ገብታለች። ቴሌቪዥኑን ላጠፋ ስል እማዬ «ተወው፣ ይለቅ» አለች። ሁለታችን ጨረስነው። አንበሳው ተነሣ። ጦርነቱ መጽሐፉ ላይ በጥቂት መስመሮች የሚያልቅ ነው፤ ፊልሙ ግን ረጅም ጊዜ ወስዶበታል። ምንም አላልኩም። ሥልጣኔ ተገፏል።

አለቀ። ስም መደርደር ጀመረ። ተነሣሁ።

«ተቀመጥ። ትመጣ ይሆናል።»

«ማን?»

«አሮጊቷ።»

«እማዬ፣ አልቋል። ይሄ የሠሩት ሰዎች ስም ነው።»

«ትልቅ ሰው ሰርግ ላይም መጨረሻ ነው የሚገባው።»

ተቀመጥኩ። ስሙ ትንሽ እንደሄደ፣ ወላሂ፣ ሥዕል መጣ። ሉሲ በሌሊት ወደ ቁም ሳጥኑ ተመልሳ መጣች። በሩን ልትከፍት ስትል የቤቱ ባለቤት፣ ሽማግሌው ፕሮፌሰር፣ እዚያው ክፍል ተቀምጠው አገኘቻቸው። በዚያ መንገድ ተመልሰሽ የምትገቢ አይመስለኝም አሏት፤ እኔም ሞክሬዋለሁ። ለእማዬ ተረጎምኩላት።

ጋቢዋን አስተካክላ ደገፍ አለች።

«አላልኩህም? እንቆቅልሽ እየጠየቋት ነው። ወንድ አደረጓት እንጂ እሷው ናት። በል፣ ሦስቱን ነጥብ መልስላቸው።»